የጌጥ ዝንጅብል በውርጭ አገር፤ መትረፍ ሌላ፣ ማበብ ሌላ

የጌጥ ዝንጅብል ለመትከል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብርድ ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ የገባኝ ግን ጥያቄው ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ከሞቱብኝ ተክሎች ይልቅ ያንገበገቡኝ ያልሞቱት ናቸው፤ በየዓመቱ የሰው ቁመት የሚያህል ቅጠል ያወጣሉ፣ ይንሰራፋሉ፣ አንዲት አበባ ሳያሳዩኝ ውርጭ ይደርስና ያጠቁራቸዋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ውርጭ የሚነካው አትክልት ቦታ ላላቸው፣ ፎቶ አይተው ልባቸው ለሸፈተ፣ ገንዘባቸውን ገና ላላወጡ ሰዎች ነው። ቀድማችሁ የተከላችሁ ካላችሁም የቆሙት ተክሎቻችሁ ለምን እንደማያብቡ ፍንጭ ታገኙበት ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዝንጅብል እንደማወራ ግልጽ ይሁን። እርድ፣ ሄልና ኮረሪማ ያሉበት የዝንጅብል ቤተሰብ ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ብርድ የሚባል ነገር የማያውቁ የሞቃት አገር ተክሎች ናቸው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ግን የሂማላያ ተራሮችን ተዳፋትና የደቡብ ምዕራብ ቻይናን ከፍታዎች መኖሪያቸው አድርገዋል። እዚያ ሙቀትና ዝናብ አብረው ይመጣሉ፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ አብሮት ይቆማል። ተክሉ ከላይ ያለውን ሁሉ ጥሎ፣ ከአፈር ውስጥ በተጋደመው ሥር መሰል ግንዱ፣ ማለትም በሪዞሙ፣ ስንቁን ይዞ በደረቅ አፈር ውስጥ ይተኛል። «በደረቅ አፈር» ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ላይ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ተክሎቼን የመረጥኳቸው በመልክ ነው። ዋናው ሄዲኪየም ከሚባለው የጌጥ ዝንጅብል ወገን የሆነው ሄዲኪየም ጋርድኔሪያነም ነበር፤ ክንድ የሚያህል ቢጫ የአበባ ዘለላ፣ ከየአበባው የሚወጣ ረጅም ቀይ ዘንግ፣ ማታ ማታ ደጁን የሚያውድ ሽታ። መመሪያው ሪዞሙ ጀርባው ከአፈር በላይ እንዲታይ አድርጋችሁ ትከሉ ይላል። ተከልኩ። በሙቀቱ ወራት እንዴት ያለ እድገት ነው ያሳየው! ከዚያ ውርጩ መጣ፤ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ዕዳው ገብስ ነው አልኩ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ግን አንዱም ብቅ አላለም። አፈሩን ገለጥ ሳደርግ ሪዞሙ ቅርጹን እንደያዘ ነበር፤ ላነሳው ስነካው ግን እንደ ራሰ ሳሙና ከጣቴ አመለጠ፣ ከውስጡም ጎምዛዛ ሽታ ያለው ውሃ ፈሰሰ።

ብርድ ገደለው ብዬ ደመደምኩ። ያን ድምዳሜ ያፈረሰብኝ ከቤቱ ክዳን ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተተከለ ሌላ ቁራጭ ነው። ከዚያው ተክል የተቆረጠ፣ ያንኑ ውርጭ የቀመሰ፤ ነገር ግን ክዳኑ ዝናብ አያስነካውም። እሱ ተነሳ። ግድግዳው ጥቂት ሙቀት አልሰጠውም አልልም፤ ግን እዚያ ጥግ ውሃ የተጠራቀመበት ማሰሮ ላይ በረዶ ሲጋገር በዓይኔ አይቻለሁ። ልዩነቱ ውሃው ነበር። የተኛ ሪዞም ውሃ አይጠጣም፤ ቀዝቃዛና ርጥብ አፈር ውስጥ ሲከርም ሻጋታና ባክቴሪያ ይበሉታል። ውርጭ ብቻውን የሚጎዳው ከላይ ያለውን ነው፤ በረዶው ራሱ ሪዞሙ ያለበት ጥልቀት ካልደረሰ ሪዞሙ ብዙ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የምተክለው በሌላ ዘዴ ነው። ሸክላማ አፈር ከሆነ መደቡን ከመሬቱ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጠጠርና የበሰለ ኮምፖስት እቀላቅልበታለሁ። ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት አያዋጣም፤ በሸክላ መሬት መካከል የተቆፈረ ጉድጓድ ዝናብ ሲዘንብ ገንዳ ይሆናል። ሪዞሙን ጀርባውን አላሳይም፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አለብሰዋለሁ። የሪዞሙን ጀርባ አሳዩ የሚለው ምክር ውርጭ ለማይነካው አገር የተጻፈ ነው። ዘንጎቹን አረንጓዴ እያሉ አልቆርጥም፤ ቅጠሉ በሕይወት እስካለ ድረስ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ እየላከ ነው። ውርጭ ካጠቆራቸው በኋላ ከመሬት ስንዝር ያህል አስቀርቼ እቆርጣለሁ፤ ከላዩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ቅጠል እጎዘጉዛለሁ። ከጉዝጓዙ በላይ ደግሞ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ዘመም ያለ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ። በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሸፍኑ፤ ከሥሩ ያልበዋል፣ የሸሻችሁትን ርጥበት መልሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ከመትከሉ ይልቅ የከበደኝ መጠበቁ ነው። ብርዱ ለቀቀ፣ አትክልቱ ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ፣ ዝንጅብሎቹ የተተከሉበት ቦታ ግን ባዶ አፈር። እነዚህ ተክሎች አየሩ ሞቀ ብለው አይነቁም፤ አፈሩ ጠልቆ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ሮስኮያ ከሚባለው ሌላ የጌጥ ዝንጅብል ወገን ደግሞ አንዳንዶቹ ዝርያዎች እጅግ ዘግይተው ይነቃሉ። እጅ ያሳክካል። «ልየው እስቲ» ብላችሁ መቆፈሪያ ካነሳችሁ ግን ነገር ይበላሻል፤ አዲሱ ቡቃያ ከአፈር ከመውጣቱ በፊት ጣት የሚያህል፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሹል እሾህ መሳይ ነገር ነው፤ ተሰባሪም ነው፣ በትንሽ ግፊት ቀጭ ይላል። ያ ዘንግ ደግሞ የዓመቱን አበባ ተሸክሞ የሚወጣው ነው። ስለዚህ ስትተክሉ ጠንካራ ምልክት ትከሉበት፤ ስስ እንጨት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆይ ነገር። ምልክት የሌለውን ቦታ ባዶ መስሎት ሌላ ነገር የሚተክልበት ሰው ብዙ ነው።

መትረፉን በዚህ መንገድ አገኘሁት። አበባው ግን አሁንም የለም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፤ ማዳበሪያ ቀያየርኩ፣ ቦታ ቀያየርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ። መልሱ ከተክሉ አሠራር ውስጥ ነበር። የሄዲኪየም እያንዳንዱ ዘንግ በአንድ ወቅት ውስጥ ከአፈር ይወጣል፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ የመጨረሻው ቅጠል ካለቀ በኋላ ብቻ ጫፉ ላይ አበባ ያወጣል። አንዴ ያበበ ዘንግ ዳግም አያብብም። ከላይ ያለው ሁሉ በውርጭ በሚጠፋበት አገር ተክሉ ይህን ሩጫ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ለሩጫው የሚያስፈልገው ሞቃት ጊዜ በዝርያና በዝርያ መካከል በጣም ይለያያል። አንዱ የሙቀቱ ወራት አጋማሽ ላይ ያብባል፤ ሌላው የመጀመሪያው ውርጭ በሚወድቅበት ሳምንት ገና እምቡጥ ያዘጋጃል።

ሄዲኪየም ኮሮናሪየምን ውሰዱ። የኩባ ብሔራዊ አበባ ነው፤ ነጭ ቢራቢሮ መሳይ፣ ሽታው ልብ የሚሰርቅ። ሪዞሙ በጥሩ ጉዝጓዝ ሥር መለስተኛ ውርጭ ሊያልፍ ይችላል፤ «ብርድ ይችላል» ተብሎ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚያብበው እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ሞቃት ጊዜው አጭር በሆነበት አገር አበባውን ላታዩት ትችላላችሁ። እኔ ከቤት ውጭ አላየሁትም።

በተቃራኒው ሄዲኪየም ዴንሲፍሎረም ቶሎ ያብባል። አበባዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ሽታውም የኮሮናሪየምን አያህልም፤ ፎቶው ከጋርድኔሪያነም ጎን ሲታይ ዓይን አይስብም። ለዚህም ነው መጀመሪያ ያለፍኩት። ዛሬ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ከዚህ ዝርያ የታወቀው «አሳም ኦሬንጅ» ነው፤ ፍራንክ ኪንግደን ዋርድ የተባለው ዕፅዋት አሳሽ በ1938 እ.ኤ.አ. ከሕንዷ አሳም ያመጣው፣ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካንማ ዘለላ ያለው። ሌላው ዕፅዋት ሰብሳቢ ቶኒ ሺሊንግ በ1966 እ.ኤ.አ. ከኔፓል ሰብስቦ በልጁ ስም «እስቲቨን» ያለው ደግሞ ለቀቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለምና ደህና ሽታ አለው። ይኸው ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. ከኔፓል ያመጣውን ሌላ ተክል በሴት ልጁ ስም «ታራ» ብሎታል፤ ይህ ከሄዲኪየም ኮክሲኒየም ወገን የሚመደብ ነው፤ ትልቅ ብርቱካንማ አበባ፣ ቀጥ ያለ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቅጠል። ትልቅ አበባ ካልሆነ ለምትሉ ሰዎች «ታራ» መካከለኛ መንገድ ነው። ነጭ ካላችሁ ደግሞ ሄዲኪየም ስፒካተም አለላችሁ፤ ከፍ ካለ ቦታ የመጣ ነው፣ ቁመቱም አይበዛም።

ስለዚህ ሻጭ ስታነጋግሩ «ብርድ ይችላል?» ብላችሁ አታቁሙ። «በየትኛው ወር ያብባል? ከቤት ውጭ ሲያብብ አይተኸዋል?» በሉት። መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ከተቻለም አብቦ ሳለ ግዙ። ስም ተደበላልቆ መሸጥ በዚህ ተክል ላይ የተለመደ ነው፤ ሪዞም ሪዞምን ይመስላል፣ ቅጠልም ቅጠልን ይመስላል። በአንድ ስም ገዝቼ ሌላ ነገር የሆነብኝ ተክል አለ። ይህን ያወቅኩት ደግሞ ጠብቄ ጠብቄ ሲያብብ ነው።

ዘግይተው የሚያብቡትን አልተውም ለምትሉ አንድ መንገድ አለ፤ ትልቅ የአበባ መትከያ። ውርጭ ሳይመጣ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቦታ፣ ውሃው ሊቆም እስኪደርስ ተቀንሶለት ይተኛል። ውጭ ገና ብርድ ሳለ ሞቅ ያለና ብርሃን ያለው ቦታ ታስቀምጡትና ቀስ እያላችሁ ታጠጡታላችሁ። በዚህ መንገድ የተነሳ ተክል አፈር ውስጥ ካለው ወንድሙ ብዙ ሳምንታት ይቀድማል፤ እነዚያ ሳምንታት ናቸው አበባውን የሚያመጡት። መትከያው ግን ትልቅ ይሁን፤ ሪዞሙ ጎን ለጎን እየሄደ ስለሚያድግ ጠባብ የላስቲክ መትከያን ሲሰነጥቅ አይቻለሁ።

ስለ ፀሐይና ስለ ምግብ በአጭሩ። «ከፊል ጥላ ይወዳል» የሚለው ምክር ፀሐይ ለሚያቃጥል አገር ልክ ነው። ቀዝቀዝ ባለ አገር ግን ሄዲኪየም የሚያገኘውን ፀሐይ ሁሉ ይፈልጋል፤ ጥላ ውስጥ የነበሩትን ወደ ፀሐይ ሳወጣቸው ዘንጎቹ አጠሩ፣ ጠነከሩ፣ አበባውም ቀደመ። በልቶ የማይጠግብ ተክል ነው፤ ሲነሳ ኮምፖስት፣ ካደገ በኋላ ፖታሽ የሚበዛበት ፈሳሽ ማዳበሪያ። ናይትሮጅን ብቻ ካበዛችሁበት ቅጠል ይሰጣችኋል፣ ቅጠል ብቻ። በሙቀቱ ወራት ውሃ አትሰስቱ። በደረቅ ወቅት የተጠማ ዘንግ አበባውን ያዘገያል፤ መዘግየት ደግሞ በእኛ ሁኔታ ከማጣት እኩል ነው።

አሁን ወደምወዳቸው ልምጣ። ብዙ ሰው የጌጥ ዝንጅብል ሲባል ሄዲኪየምን ብቻ ያስባል፤ ሮስኮያ ግን ለረጃጅም ተክሎች ቦታ ለሌለው ሰው የተፈጠረ ነው። ቁመቱ ከጉልበት ብዙ አይዘልም። ወገኑ በ1806 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም ሲወጣለት የተጠራው የሊቨርፑልን የዕፅዋት አትክልት ቦታ ለመመሥረት በደከመው በዊልያም ሮስኮ ስም ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች በሂማላያ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ብርድ ሲባል አይደነግጡም። ትልቅ ሙቀትም አይሹም። ይልቅ የሚያስቸግራቸው የሚያቃጥል ሙቀትና በእድገታቸው ወቅት የሚደርቅ አፈር ነው። ሮስኮያ ኮትሊዮይዴስ ቀደም ብሎ በፈዛዛ ቢጫ ያብባል፤ ሮስኮያ ፑርፑሪያ ዘግይቶ በወይን ጠጅ ቀለም ይከተላል፤ ከእሱ ወገን «ሬድ ጉርካ» የሚባል ደማቅ ቀይ ዓይነትም አለ። ሁለት ሦስት ዓይነት ብትተክሉ በአበባ የምትቆዩባቸው ወራት ይበዛሉ።

የሮስኮያን አበባ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከላይ ቆብ መሳይ ክዳን፣ ከታች የተዘረጋ ሰፊ ከንፈር፤ ኦርኪድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከንፈሩ የአበባ ቅጠል አይደለም፤ መካን የሆኑ የወንዴ አካላት ተዋሕደው የሠሩት ነው። በዝንጅብል ቤተሰብ ውስጥ የአበባ ብናኝ የሚሰጠው አንድ የወንዴ አካል ብቻ ነው። በሮስኮያ ላይ ደግሞ ከዚያ አካል ሥር ሁለት ሹል መንጠቆዎች ወደ አበባው መግቢያ ወጣ ብለው ይታያሉ። ቀጭን የሣር ዘንግ ይዛችሁ መንጠቆዎቹን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጓቸው፤ የወንዴው አካል ከላይ ጎንበስ ብሎ ብናኙን ዘንጉ ላይ ያራግፋል። ነፍሳት ሲገቡ ጀርባቸው ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ልጆች ይህን ካዩ በኋላ ከአበባው ዘንድ ማንሳት አይቻልም፤ እኔም ብዙ አልተሻልኩም።

ሮስኮያን ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሥሮቹ ወፍራምና ሥጋማ ናቸው፤ ሲነቀሉ ይሰበራሉ። ጥልቀቱ ከውርጭ ይጠብቀዋል፣ ከእኛ መቆፈሪያም ጭምር።

ኮትሊያ ስፒካታም ሊረሳ አይገባውም፤ ቢጫ አበባ ከጥቁር ቀይ አቃፊ ቅጠል መሃል ይወጣል፤ በጥላ ውስጥ ደግሞ ከሄዲኪየም በተሻለ ያብባል። የኮትሊያ ወገን በትውልድ ቦታው የድንጋይ ሽበት በለበሰ ዐለትና የዛፍ ግንድ ላይ ጭምር ስለሚበቅል ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ የታመቀ አፈር ውስጥ አትቅበሩት። በጃፓን ለእምቡጡ ተብሎ የሚለማው ዚንጂበር ሚዮጋ ከሁሉም የጠና ነው፤ ችግሩ አበባው ከቅጠሎቹ ሥር ከመሬት ጋር ተጣብቆ ስለሚወጣ ተንበርክካችሁ ካልፈለጋችሁት አታዩትም። ነጭ የተቀላቀለበት ቅጠል ያለውን ዓይነት ለቅጠሉ ብሎ መትከል ይሻላል።

ማባዛት የሚቀለው በመክፈል ነው፤ ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ተኝቶ ሳለ የተቆረጠ ሪዞም ቁስሉን መዝጋት ስለማይችል ይበሰብሳል። ቡቃያው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጠብቁ፤ በንጹሕ ቢላዋ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይንና ጥቂት ሥር እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። ቁራጩ ትንሽ ከሆነ በዚያ ዓመት አበባ አትጠብቁ። ሄዲኪየም ግሪኒ የተባለው ቀይ አበባ ያለው ደግሞ አበባው ካለፈ በኋላ ዘለላው ላይ ትናንሽ ችግኞች ያበቅላል፤ እነሱን ለቅሞ አፈር ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። ከዘር ማሳደግ የሚፈልግ በቀይ ሥጋማ ሽፋን የተጠቀለለውን ዘር እንደደረሰ ሽፋኑን አጥቦ ወዲያውኑ ይዝራው፤ ሲቆይ ይደክማል።

ከተባይ በኩል ቀንድ አውጣና ቀፎ የሌለው ዘመዱ ጠላቶቻችሁ ናቸው። ጉዝጓዙ መኝታቸው ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሲገባ ጉዝጓዙን ከቡቃያው ዙሪያ ገለል አድርጉ፤ ማታ ማታም በእጅ መብራት እየዞራችሁ ልቀሟቸው። አንድ ሌሊት የተቀረጠፈ ቡቃያ እንደገና እስኪያወጣ ድረስ የአበባው ጊዜ ያልፋል። ግሪን ሃውስ ውስጥ ለሚያስገቡት ደግሞ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ደረቅ አየር ይወዳል፤ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ መርጨት ብዙውን ይከላከለዋል።

ውርጭ ቀላል በሆነበት ወይም በሌለበት አካባቢ ላላችሁ ግን ምክሬ ይገለበጣል። ጋርድኔሪያነም በሃዋይ፣ በኒውዚላንድና በአዞረስ ደኖች ውስጥ ገብቶ አገር በቀሉን እያፈነ ያለ ተክል ነው፤ በዓለም እጅግ አስከፊ ተብለው ከተዘረዘሩት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ነው። ወፎች ዘሩን ይበትኑታል፤ ከተጣለ ሪዞም ቁራጭም ይነሳል። በአካባቢያችሁ ማሳደጉ የተከለከለ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ባይከለከልም አበባው እንዳለፈ፣ ዘር ሳይቋጥር ዘለላውን ቁረጡ፤ የተነቀለ ሪዞምም ገደል ወይም ወንዝ ዳር አትጣሉ፣ ፀሐይ ላይ ክው ብሎ እስኪደርቅ ድረስ አስጡት።

ዛሬ የሚጀምር ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ አንድ ሮስኮያ ፑርፑሪያና አንድ «አሳም ኦሬንጅ» እለዋለሁ፤ ሁለቱንም ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ሮስኮያውን የከሰዓት ጥላ በሚያገኝበት፣ ሌላውን ፀሐይ በበዛበት። ጋርድኔሪያነሙ ፎቶው ካልለቀቃችሁ በመትከያ ይሁን፤ መትከያውንም ከመሙላታችሁ በፊት ሲሞላ ማን እንደሚያነሳው አስቡ፤ ርጥብ አፈርና ሪዞም የሞላው ትልቅ መትከያ አንድ ሰው ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው አይደለም።